ሥጋሽ እስኪመለስ

እንቅልፍ እንደሆነ አይመጣም። መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ የሌሊት ሠራተኛ ቀኑን ሌሊት እንዲያስመስልበት ተብሎ የተሸጠላት ነው፤ ግን የኖርዌይዋ የበርገን ዝናብ መስኮቱን ሲደበድበው ጌጤ ቀን መሆኑን ታውቃለች፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ መሆኑን ታውቃለች፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ እናቷ እህል ሳትቀምስ መዋሏን ታውቃለች፤ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ የሚተኛ ማን ነው? ወደ ግድግዳው ዞረች። ወደ በሩ ዞረች። ጠዋት ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያነበበችው የወንድሟ የይርጋ መልእክት ትራሱ ሥር ስልኩ ውስጥ ተኝቷል፤ ከዚህ ቤት የተኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። «እናና ትናንት ወድቃ ነበር። ስኳሯ ወርዶ ነው። አሁን ደኅና ናት። ግን አልበላም እንዳለች ናት። አንች ነሽ የምታበያት፣ ሌላ ሰው አትሰማም።» እንዴት አድርጌ ነው የማበላት፣ ይርጋ? እዚህ ሆኜ በምን እጄ ነው የማጎርሳት? ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት በማንኪያ ሳጎርስ አድሬ መምጣቴ ነው፤ አፋቸውን ጠርጌ፣ ትራሳቸውን አስተካክዬ፣ መልካም ቀን ብዬ መውጣቴ ነው። የራሴን እናት ደግሞ እኔው ፎቶ ልኬ ጣልኳት።

አዎ፣ ነገሩን ያመጣው ፎቶ ነው፤ የላከችውም ራሷ ናት፣ ማንም አላስገደዳትም፣ ኩራት ነው ያስላካት። ከክረምቱ ጀምሮ ዳቦና ቅቤ ትታ፣ ሽቅብ ቁልቁል እየተራመደች፣ ቀስ በቀስ ስትከሳ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት ኖርዌጂያኖች ባዩዋት ቁጥር «እንዴት አምሮብሻል! እንዴት ቻልሽው?» ይሏታል፤ አንድ ቀን እንዲያውም በእረፍት ሰዓት አጨበጨቡላት። ለአስታማሚነትና ለጽዳት ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም፣ ስለዚህ ጭብጨባው ራሷ ላይ ወጣ። የድሮ ቀሚሷን ለበሰች፣ ወገቡ ላይ የተረፈውን ጨርቅ በእጇ ይዛ ሳቀች፣ ባሕሩ ዳር ቆማ ፎቶ ተነሣች፣ ለይርጋ ላከችው። ለእናና አሳያት አለችው። በርገን ያጨበጨበችለት ክሳት ደብረ ታቦር ላይ ለቅሶ እንደሚያስቀምጥ እንዴት ጠፋት? የዚያው አገር ልጅ አይደለች? ከውጭ የመጣ ሰው ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው ጉንጩ ነው። ወፍሮ ከወረደ «እሰይ፣ ተመችቶታል» ይባላል፤ ከስቶ ከወረደ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አግኝቶት ይሆን?» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሷ ራሷ ስትወፍር፣ ያኔ ሥራ አጥታ ቤት ውስጥ ተዘግታ ከጭንቀት ብዛት ያገኘችውን ሁሉ ስትበላ፣ እናና ፎቶዋን በማኅበር ቀን ከቤት ቤት እያዞረች አሳይታለች። «አሁን ሰው መሰልሽ ልጄ» ብላታለች በስልክ። ያ የተመሰገነው ሥጋ ነው ኋላ ጉድ ያፈላው።

እናና አዲሱን ፎቶ ስታይ የሆነችውን ይርጋ ነግሯታል፤ ባይነግራትም ታየዋለች፣ አሁንም ጣሪያው ላይ ታየዋለች። እናና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ እንደገና አስጠግታ «ይች ጌጤ አይደለችም» አለች። «ናት እንጂ» አላት ይርጋ። «ጉንጯስ? ጉንጯን ምን በላብኝ?» ከዚያ ጎረቤት መጣ፤ በሽተኛ እንደሚጠየቅ በርገን ያለችውን ጌጤን ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ጠየቋት። በማግሥቱ እናና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄደች፣ ተሳለችም። «የልጄ ሥጋ እስኪመለስ ድረስ እህል በቀን አንዴ፣ ያውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ምስክሬ አንተ ነህ።» ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት! መድኃኒቷን እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ እንስራ ውስጥ አቀዝቅዛ የምትይዝ፣ ተወግታ ካልበላች እንደምትወድቅ ስንት ጊዜ የተነገራት ሴት! ይርጋ ለመናት፣ የይርጋ ሚስት ትዕግሥት ጉልበቷን ይዛ ለመነቻት። የንስሐ አባቷን መምሬ ሙላቴን ቢያመጡላት እሳቸውም «በሽተኛ ጾም የለበትም፣ ሁዳዴን እንኳ ፈትቼሻለሁ» አሏት። እናና ጉልበታቸውን ስማ «ጾሙንስ ፈቱኝ መምሬ፤ ስለቱን ግን ለእርስዎ አልተሳልኩም» ብላ መለሰቻቸው። መምሬ ሙላቴ ሲወጡ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር አሉ። ጌጤ ይህን ስትሰማ መሳቋን ታስታውሳለች፣ እናና ናት፣ ሌላ ማን እንዲህ ይላል።

እና ያልተናገረችው ነገር አለ። ለይርጋም አልነገረችውም። እስካሁን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ኢንግሪድ ትመጣለች፣ ያች የሆስፒታሉ ነርስ፣ ክንዷን በጎማ አሥራ ደም ሥር ስትፈልግ የምላሷን ጫፍ የምትነክሰው። የቤተሰብ ሐኪሟ ነው ሆስፒታሉ ወደሚያካሂደው የስኳር በሽታ ጥናት የላካት። ጥናቱ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የወፈሩ ሰዎች ዘራቸው ሲለያይ ለምን አንዱን ስኳር ይይዘዋል፣ ሌላውን ይተወዋል? ኖርዌጂያኑም፣ ፓኪስታናዊውም፣ ሶማሌውም፣ እሷም በየተራቸው ተመዘኑ፣ ወገባቸው ተለካ፣ ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ እየመጡ ደማቸው ተቀዳ። ሳይበሉ መምጣቱ ሌላውን ሁሉ ሲያነጫንጭ ጌጤን ምንም አልመሰላት፤ በዚህች ፈተና እንኳ ደብረ ታቦር አንደኛ ትወጣለች። የከበዳት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ዘርሽ ምንድን ነው?» አሏት። ደነገጠች። አገሯ ቀበሌ መታወቂያ ስታወጣም ይህንኑ ተጠይቃለች፤ እዚያ ሰው ይህን ሲጠየቅ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ለምን ጠየቁኝ ብሎ ያድራል። እዚህ ደግሞ ለስቧ ሲሉ ነው የሚጠይቋት። «ከደብረ ታቦር ነኝ» አለች። ኢንግሪድ ኮምፒዩተሩ ላይ ደብረ ታቦርን ፈልጋ ስታጣ «ከሰሃራ በታች» የሚለው ውስጥ ከተተቻት። ደብረ ታቦር እኮ ጉም ከሥሯ የሚያልፍ ከተማ ናት፤ ከምንም በታች ተብላ አታውቅም። ጌጤ ግን ዝም አለች፤ በሰው አገር ብዙ ነገር ዝም ይባላል።

«ስብ ዝም ብሎ የተጋደመ ነገር አይደለም» ትላለች ኢንግሪድ። «ሠራተኛ ነው። ሌት ተቀን መልእክት ይልካል። አንዱ መልእክት ጠግቤያለሁ ይላል። አንዱ ሰውነትሽ ኢንሱሊንን እንዲሰማ ይመክራል። ሌላው ደግሞ ያስቆጣል፤ ቁስል ሲቆጣ እንደሚሞቀው ውስጥ ውስጡን ያሞቃል፣ አንቺ ግን አይታወቅሽም።» ከዚያ የደሟን ውጤት አየች። ያ መልካሙ መካሪ ደሟ ውስጥ ጥቂት ነው፣ የሚያስቆጣው ብዙ ነው፣ ሰውነቷ ኢንሱሊንን መስማት ትቷል፣ ስኳሩ ደፍ ላይ ቆሟል፣ ምናልባትም ገብቷል። መጦሪያው ማድ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሮልፍም እዚያው ጥናት ውስጥ ነው፤ ሮልፍ የእሷን እጥፍ ያክላል፣ ደረጃ ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል፣ ደሙ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጥሩ ሆኖ ወጣ። በዚያ ቀን ሮልፍን ጠላችው። እሱ ምን አደረጋት? ምንም። «እኔስ ምን አድርጌ ነው?» አለች ኢንግሪድን። «ምንም አላደረግሽም።» «ሐበሻ ስለሆንኩ ነው?» ኢንግሪድ የውጤቱን ወረቀት አስቀመጠች። «ገና አናውቅም። ዘር ይሁን፣ እናትሽ አንቺን አርግዛ ሳለች ያጣችው እህል ይሁን፣ ሌሊት ሌሊት መሥራትሽ ይሁን፣ ብቸኝነት ይሁን። ለዚህ ነው እናንተን የምንጠይቀው።» እናና በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ያረገዘቻት፣ ይህን ጌጤ ታውቃለች፤ እብናት ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እናና በሆዷ ይዛት ነበር። ብቸኝነት ግን ደም ውስጥ ይታያል ወይ? በመርፌ ተቀድቶ፣ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ይሄው ተብሎ ይነበባል ወይ? ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ኢንግሪድ ጎማውን ፈታችላት፣ ጥጥ አደረገችላት፣ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እና እናናም ቀጭን ናት፤ ሁልጊዜም ቀጭን ነበረች። ያኔ ስኳሩ ሲጀምራት ውኃ ውኃ እያለች ስትመነምን ሰፈሩ ሁሉ «ስኳር የባለጠጋ በሽታ ነው፤ እሷ ስኳር የት አይታ?» አለ፤ ጣራ ገዳም ወስደው ጸበል አጠመቋት፣ ሆስፒታል የደረሰችው ራሷን ከሳተች በኋላ ነው። ጌጤ ያኔ እዚህ ነበረች፤ አሁንም እዚህ ናት። ሁሉም ነገር ሲሆን እሷ እዚህ ናት።

ተነሣች። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ብርሃኑ ፊቷን መታው። ቅቤ አለ፣ ለእንግዳ ብላ የገዛችው ዳቦ አለ፣ እንግዳ ግን የለም። ልብላ? ልብላና ልወፍር፣ ጉንጬ ይመለስ፣ እናና ትብላ፣ እናና ትዳን። ምን ይመጣል? ስኳሩ እንደሆነ ለእኔ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለእሷ ግን ነገ ነው። ዳቦውን ቆረሰች፣ ያዘችው፣ አሸተተችው። ኢንግሪድ «ሦስት ወር እንዲህ ከቀጠልሽ መድኃኒትም ላያስፈልግሽ ይችላል» ብላት ነበር፣ እንደ እናት ደስ ብሏት ነው ያለቻት። ደግሞስ ለመወፈር ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዛሬ ጎርሶ ዛሬ አይወፈርም፤ እናና ግን ዛሬ መርፌዋን ተወግታለች። ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችው። አለቀሰች፣ ከዚያም ፊቷን ታጠበች።

የይርጋ ምክር ሌላ ነበር። «በኢሞ እንደውልልሽ፤ ወፍረሽ ታይ» አላት። «ልብስ ደርቢ፣ ሻርፕ ጠምጥሚ፣ ስልኩን ከታች ወደ ላይ ያዥው፣ ፊት ያሰፋል። ስትስቂ ጉንጭሽን ነፋ አድርጊው። ትታለል እንጂ ትሙት?» ይርጋ መምህር ነው፣ ውሸት እንዲህ በቅደም ተከተል ሲያስተምር አይታው አታውቅም። መስተዋት ፊት ቆመች። ሁለት ሹራብ፣ በላዩ የክረምት ጃኬት፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ፣ ጉንጯ ውስጥ ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ አንድ እፍኝ ጥጥ። ስትናገር ጥርስ የተነቀለላት ትመስላለች። አውጥታ ጣለችው፣ በምትኩ ጉንጯን በቀለም አቀላችው። ላብ በጀርባዋ መውረድ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት አልፏት እናቷን ለማታለል እንደ ቡሄ ጨፋሪ መልበሷ ነው። ስልኩ ጮኸ።

«ጌጤዋ! እንዴት ዋልሽ የኔ ዓለም?» እናና ከታች ነው የምትታየው፣ አገጯና የጣሪያው ቆርቆሮ፤ ይርጋ ስልኩን ያስተካክልላታል፣ ከዚያ ፊቷ ይመጣል። እናና አልቃለች። ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ደኅና ነኝ እናና፣ አንች እንዴት ነሽ?»

«እግዜሩ ይመስገን። ወፍራለች አለኝ ይርጋ። እስቲ ልይሽ።»

«ወፍሬያለሁ! አየሽ? በደንብ እየበላሁ ነው፣ ጉንጬን ተመልከችው» አለች ጌጤ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ጉንጯን እየነፋች። ይርጋ ከኋላ ሆኖ «እሰይ! እሰይ!» አለ፣ አበዛውም። ትዕግሥትም እልል አለች።

እናና አልሳቀችም። ስልኩን አስጠግታ አየች። «እስቲ የእጅሽን አንጓ አሳይኝ።»

«የምኔን?»

«አንጓሽን፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ።»

ጌጤ ሰበሰበችው። ጃኬቱን፣ ሹራቡን፣ ሌላውንም ሹራብ። አንጓዋ ወጣ፣ አጥንቱ ቀድሞ።

«አባትሽ በሕይወት ሳለ» አለች እናና ቀስ ብላ፣ «ከብት እንነግድ አልነበር? እብናት ገበያ ዋዜማ የከሳ በሬ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ጨው ያልሰዋል። በሬው ይጠማዋል፣ ሆዱ እስኪነፋ ውኃ ይጠጣል፣ ጧት ገበያ ሲቆም የሰባ ይመስላል። ሞኝ ሆዱን አይቶ ይገዛል። እኔና አባትሽ ግን ሆዱን አናይም ነበር፤ አጥንቱን ነበር የምንዳስስ። ጨው ልሰሽ መጣሽብኝ ልጄ?»

ይርጋ ማንንም ሳያይ ወደ ደጅ ወጣ።

ጌጤ ሻርፑን አወለቀች። ጃኬቱን አወለቀች። ምን ልትል እንደሆነ አታውቅም፣ አንድ ውሸት ትፈልጋለች፣ ታጣለች። ሹራቡን በአናቷ ስታወጣ ጨለማው ውስጥ ሆና ነው የተናገረችው፣ ፊቷ ሳይታይ። «እናና፣ ያንች በሽታ ነው ያለብኝ።»

«የኔ?»

«ስኳሩ። ገና መነሻው ላይ ነኝ። ወፍሬ ሳለሁ ነው የመጣብኝ፤ ያ ስታመሰግኝው የነበረው ሥጋ ነው ያሳመመኝ። ቀንሽ አሉኝ፣ ቀነስኩ። መክሳቴ ነው መድኃኒቱ።»

«ተርበሽ አይደለም?»

«ተርቤ አይደለም።»

«ሰው በድሎሽም አይደለም?»

«ማንም አልበደለኝ። በሽታውን ደብቄሽ ነው እንጂ፤ በላይሽ ላይ ሌላ ጭንቅ አልጨምርም ብዬ ነው። እኔ ስደብቅሽ አንች ልትሞች ነው።»

ምስሉ ቆመ፤ ኔትወርኩ ይሁን እናና ራሷ ትሁን ለመለየት ጌጤ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እናና ናት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«መሬቱን ለወንድሞችሽ አካፈልኩት» አለች እናና። «በሬውንም፣ ቤቱንም። ጌጤ ሩቅ ናት፣ ምን ታደርግበታለች ብዬ። አንችን ለካ ይህን ነው ያወረስኩሽ።»

«አንች አይደለሽም እናና! ነርሷ እንኳ ከምን እንደመጣ ገና አናውቅም ብላኛለች…»

«ዝም በይ እስቲ።» እናና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። አንድ ነገር ስታሰላስል እንዲህ ትሆናለች። «እኔ እኮ ጧት ማታ ኢየሱስን ልጄን አወፍርልኝ እያልኩ ነው የከረምኩት። አወፍርልኝ ማለት አሳምምልኝ ማለት ነበራ! ወየው! በገዛ ረኃቤ ልጄን ላስበላት!» ከዚያ ድምጿ ጠነከረ፣ የከብት ነጋዴዋ ድምፅ። «እንኳንም አልሰማኝ። አንች ትዕግሥት! ያን ምሳ አምጭው። ለመምሬ ሙላቴ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ቀኖናም ቢሰጡኝ እቀበላለሁ። አሁን ግን አምጭ።»

ትዕግሥት ስትሮጥ ይሰማል። ሳህን ይሰማል። ትዕግሥት ምሳውን አቅርባ ስልኩን ያዘችላት። እናና አማተበች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች። ጌጤ አልጋዋ ጫፍ ላይ በግንባሯ ላቡ፣ በጉንጯ ቀለሙ እየወረደ ተቀምጣ የእናቷን መንጋጋ ታያለች፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ እንደገና ሲወጣ። በሕይወቷ ከዚህ የሚያምር ነገር አይታ አታውቅም። እንቅልፏ መጣ፣ ድንገት፣ እንደ ልጅ። ግን ማየት አልጠገበችም።

«መርፌ ጀመርሽ?» አለች እናና አፏ ሞልቶ።

«አልጀመርኩም። በዚሁ ከቀጠልኩ ላልጀምር እችላለሁ ብለውኛል።»

«ቢያስጀምሩሽስ? እኔን ትዕግሥት ናት የምትወጋኝ፣ እጇ ቀላል ነው፣ ዓይንሽን ጨፍኝ እያለች፣ እያጫወተች ነው የምትወጋኝ። አንችን ማን ይወጋሻል?»

ጌጤ ስም ለመጥራት አፏን ከፈተች። ክፍሉን አየችው፦ አልጋው፣ መጋረጃው፣ ወለሉ ላይ የተጣሉት ሹራቦች።

«እኔው ራሴ።»

እናና ማኘኳን አቆመች። «ራስሽን በራስሽ?»

«አዎ እናና።»

እናና ስልኩን ከትዕግሥት እጅ ተቀብላ ራሷ ያዘችው፤ አያያዙን ስለማታውቅ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። «እንግዲያው ስትወጊ ደውይልኝ» አለች። «ጧትም ይሁን፣ ውድቅትም ይሁን ደውይ። እዚህ ሆኜ ዓይንሽን ጨፍኝ እልሻለሁ።»